“ልጄ ሲንተባተብ የትኛውን ቋንቋ ልተውለት?”

ሰላም እትዬ፤ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ሴቷ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ወንዱ አራት ዓመት ከስምንት ወር። ወንዱ አፉን የፈታው በጊዜው ነበር፤ እንዲያውም ወሬኛ ነበር። ሦስት ዓመት ተኩል ሲሆነው ግን በድንገት መንተባተብ ጀመረ። “እ-እ-እ-እማዬ” ይላል። አንዳንዴም አፉን ከፍቶ ድምፁ እምቢ ይለዋል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፣ መሬቱን በእግሩ ይመታል። ይኸው ዓመት አለፈው። እህቱ ስለምታዝንለት ነው መሰለኝ ገና ሲጀምር ትጨርስለታለች። አማቴ ከአዲስ አበባ በደወሉ ቁጥር “ደንግጦ ነው፤ ለክረምት አምጪውና እንጦጦ ይጠመቅ፣ የምላሱንም ክር እናስቆርጥለት” ይላሉ። ጎረቤቴ ደግሞ “ሁለት ቋንቋ አምታቶት ነው፣ አማርኛውን ተይው” ትለኛለች። አስተማሪው ይመርመር ብላ ወረቀት ላከችልን፤ ባለቤቴ “ልጄን በሽተኛ ብለው አይመዘግቡትም” ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። በነገራችን ላይ እሱም ልጅ ሳለ ይንተባተብ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አንሥቶት ግን አያውቅም። አሁን ደህና ነው፤ ብቻ ስልክ ማውራት አይወድም፣ ምግብ ቤትም የማዝዘው እኔ ነኝ። እርጉዝ ሳለሁ ብዙ ጭንቀት ነበረብኝ። የኔ ጥፋት ይሆን?

የሁለት ልጆች እናት

*

የኔ እህት፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ የቆምኩት “በነገራችን ላይ” ብለሽ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሻት መስመር ላይ ነው። ለአብዛኛው ጥያቄሽ መልሱ ያለው እዚያች ውስጥ ነው፤ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ግን እርግዝናሽን እናንሣ፤ እንቅልፍ የሚነሣሽ እሱ መሆኑ ከአጻጻፍሽ ያስታውቃል። ጥፋት የለብሽም። ልጅሽ የሚንተባተበው አንቺ ስለተጨነቅሽ፣ አባቱ ስለተቆጣው፣ ወይም ጡት ቶሎ ስለጣለ አይደለም። መንተባተብ ከሁሉ በላይ በዘር የሚወርድ ነገር ነው። ከሚንተባተቡ ሰዎች ግማሽ ያህሉ፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ፣ ወይ አባት ወይ አጎት ወይ አያት እንደነሱ የሚናገር አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪዎች መንተባተብ የበዛባቸውን የፓኪስታን ቤተሰቦች መነሻ አድርገው ከነገሩ ጋር የተያያዙ ሦስት ዘረመሎችን ለዩ። የሚገርመው፣ የዘረመሎቹ ሥራ ሴል ውስጥ የሚጠራቀመውን ጥራጊ ከማስወገድ ጋር የተያያዘ ነው። ጥራጊን ከምላስ ምን አገናኘው? እኔም ሳነበው ይህንኑ ነው ያልኩት። ደግሞም ሦስቱ ተደምረው የሚያስረዱት ከሚንተባተበው ሰው ጥቂቱን ብቻ ነው።

“ታዲያ ዘሩ ልጄን ምን አደረገው?” ትዪኝ ይሆናል። ማኅሌት ሲቆም አይተሻል? ከበሮው፣ ጸናጽሉና መቋሚያው እኩል ካልወደቁ፣ አንዱ የጥቅሻ ያህል ከቀደመ ወረቡ ይዛነፋል። ንግግርም እንዲሁ ነው። አንዲት ቃል ለማውጣት ከደረት እስከ ከንፈር ወደ መቶ የሚጠጉ ጡንቻዎች ተራቸውን ጠብቀው መንቀሳቀስ አለባቸው። ይህን የሚመራው አንጎል ነው። ንግግርን የሚያቅደውን፣ የራስን ድምፅ የሚያዳምጠውንና ጡንቻን የሚያዘውን ቦታ የሚያገናኙት የነርቭ መስመሮች በሚንተባተብ ሰው ዘንድ፣ በተለይ በግራው የአንጎል ወገን፣ ለየት ብለው ይታያሉ። ቃሉን ያውቀዋል፤ የሚለውንም ያውቃል። የምቱ ሰዓት ነው የሚዛነፍበት። ስለዚህ ከአእምሮ ብስለት ጋር አይገናኝም፤ ልጅሽ ምንም አልጎደለውም።

አንድ ነገር ልብ ብለሽ እይልኝ፤ መዝሙር ሲዘምር ይንተባተባል? ከናንተ ጋር አብሮ “አባታችን ሆይ” ሲልስ? ብዙዎቹ ሲዘምሩና በኅብረት ሲያነበንቡ ምላሳቸው እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ ምቱ ከውጭ ስለሚመጣላቸው ነው ይባላል። ይህን ለአማትሽ ንገሪያቸው፤ ለምላሱ ክር ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። ክሩ ቢሆን ኖሮ መዝሙሩንም ይይዘው ነበር። የምላስ ክር ማጠር ያለባቸው ሕፃናት አሉ፤ ችግሩ ጎልቶ የሚታየው ግን ጡት ሲጠቡ ነው፣ መንተባተብንም አያመጣም። እንጥል ማስቆረጥንም እግረ መንገዴን ላንሣው፤ በምላጭ ደም ከማፍሰስና ቁስል ከማመርቀዝ በቀር ለንግግር የሚረዳው አንዳች ነገር የለም። ክረምት ስትመጡ “እግረ መንገዳችንን” የሚል ዘመድ እንዳይኖር።

ጠበሉን በተመለከተ፣ እኔም እጠመቃለሁና ተይ አልልሽም። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፤ ከተጠመቀ በኋላ ሰው ከብቦ “እስቲ አሁን ተናገር” አይበለው። አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ያ ፈተና ነው፤ ከወደቀ ደግሞ በራሱ እምነት ነው የሚያመካኘው።

“ደንግጦ ነው” የሚባለው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። መንተባተብ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ ብዙ ጊዜም በአንድ ቀን ወይም በአንድ ሳምንት ውስጥ ድንገት ይመጣል። ቤተሰብ ታዲያ ወደኋላ ይመለሳል፤ በዚያ ሳምንት ምን ሆኖ ነበር? ውሻ ጮኾበታል፣ ከአልጋ ወድቋል፣ መብራት ጠፍቶ አልቅሷል። የሦስት ዓመት ልጅ ያልደነገጠበት ሳምንት የት ይገኛል? እውነቱ ያ ዕድሜ ዓረፍተ ነገሩ ከሁለት ቃል ወደ ስምንት ቃል የሚያድግበት፣ ሐሳቡ አፉን የሚቀድምበት ጊዜ መሆኑ ነው። ድንጋጤ፣ ድካም፣ እንግዳ ሲበዛ መቸኮል ያለውን ያብሱታል እንጂ የሌለውን አይፈጥሩትም።

አሁን ወደ ቋንቋው። አማርኛውን አትተይው። ሁለት ቋንቋ መንተባተብ እንደማያመጣ የሚያጠኑት ሰዎች ዛሬ በሰፊው የሚስማሙበት ነው፤ በአንድ ቋንቋ ብቻ ያደጉ ልጆችም ይንተባተባሉ። አማርኛውን ብትነሽው የምትነሽው መንተባተቡን ሳይሆን አያቱን ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሁለት ቋንቋ የሚናገር ልጅ ቃል ሲጠፋበት “እኔ… እኔ… እ… ያንን ፈልጌ” ሊል ይችላል፤ ይህ ፍለጋ እንጂ መንተባተብ አይደለም። አማርኛ የማይሰማ መርማሪ ሁለቱን ሊያደባልቃቸው ይችላል። መንተባተብ ማለት የአንድ ድምፅ መደጋገም (“እ-እ-እ-እማዬ”)፣ የድምፅ መጎተት (“ሰሰሰሰላም”) እና አፍ ተከፍቶ ድምፅ መታገድ ነው። አንቺ የጻፍሽልኝ የመጀመሪያውና የሦስተኛው ነው። ዓይን መጨፈኑና እግር መምታቱ ደግሞ ቃሉን በጉልበት ለማስወጣት እየታገለ መሆኑን ይናገራል። ለምርመራው እቤት አማርኛ ሲያወራ በስልክሽ ቅረጪው።

መኮላተፍ ሌላ ነገር መሆኑንም አስታውሺ። “ረ”ን “ለ” ወይም “የ”፣ “ጠ”ን “ተ” የሚል ትንሽ ልጅ ድምፁን ገና አልጨበጠውም፤ ከባዶቹ ድምፆች በአምስትና በስድስት ዓመትም የሚመጡለት አለ። ጭራሽ የማይናገር ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ መታየት ያለበት ጆሮው ነው። የናንተ ጉዳይ ግን ይህ አይደለም።

ስለ ሴት ልጅሽ። ከክፋት አይደለም፤ ግን የምትወስድበት ነገር ትልቅ ነው። በእኛ ቋንቋ ቁም ነገሩ ያለው ግሱ ላይ ነው፤ ግሱ ደግሞ መጨረሻ ነው የሚመጣው። “እማዬ፣ ዛሬ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ልጅ ኳሴን…” ብሎ ሲደርስ “ቀማህ?” ትለዋለች። ምናልባት ሊል የፈለገው “ሰጠኝ” ነበር። ደክሞታልና “አዎ” ብሎ ይቀመጣል። ቀስ በቀስ ልጁ ሌሎች የጨረሱለትን ሕይወት መናገር ይጀምራል። አትቆጫት፤ ለብቻዋ አስቀምጠሽ “የሚጨርሰው እሱ ነው፤ እኛ እስከ ግሱ እንጠብቃለን” በያት። ስምንት ዓመት ይህን ለመረዳት በቂ ነው።

አማትሽ ሙሴን ካነሡብሽ (ማንሣታቸው አይቀርም፣ “አፌ ኮልታፋ ነው” ያለው እሱ ነውና) አንቺም ጨምሪላቸው። እግዚአብሔር ምላሱን አልለወጠለትም፤ ወንድሙን አሮንን ነው የሰጠው። ሆኖም ኦሪት ዘዳግምን ቢገልጡት ያን ሁሉ ምዕራፍ ለሕዝቡ ሲናገር የምናገኘው ራሱን ሙሴን ነው።

አንቺስ? “ቀስ በል”፣ “ተንፍስ”፣ “አስበህ ተናገር”፣ “እስቲ እንደገና በለው” የሚሉትን ከቤትሽ አውጪያቸው። ቅን ምክሮች ናቸው፤ ለልጁ ጆሮ ግን “ያወራኸው ተበላሽቷል” ነው የሚሉት። ቀስ ማለት ያለብሽ አንቺ ነሽ። እሱ ከጨረሰ በኋላ አንድ ሁለት እስክትቆጥሪ ቆዪ፣ ከዚያ መልሺለት። ጥያቄ አታዝንቢበት። ዓይኑን እያየሽ ስለ ኳሱ መልሺ፤ ስለ አነጋገሩ ሳይሆን። በቀን አሥር ደቂቃ ብቻውን የሚያወራሽ ጊዜ ስጪው፤ ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን፣ እህቱም ከአባቷ ጋር ትቆይ። ይህ ለብቻው ያድነዋል አልልሽም፤ መናገርን እንዳይጠላው ያደርጋል፣ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

“እንግዲያው ዝም ብለን እንዳላየን እንለፈው?” እንዳትዪኝ። እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ልንገርሽ። ዌንደል ጆንሰን የሚባል፣ ራሱም የሚንተባተብ፣ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ነበር። መንተባተብ የሚጀምረው በልጁ አፍ ሳይሆን በወላጁ ጆሮ ነው የሚል ሐሳብ ነበረው፤ ወላጅ ጤነኛውን መደነቃቀፍ “መንተባተብ” ብሎ ሲሰይመው ልጁ ተንተባታቢ ይሆናል ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 በሱ መሪነት አንዲት ተማሪ 22 የሙት ልጆችን ይዛ ሞከረችው። ደህና ከሚናገሩት ከፊሎቹ “አነጋገራችሁ ተበላሽቷል፣ ካልተስተካከለ አትናገሩ” ተባሉ። ተንተባታቢ አልሆኑም። ግን ተሸማቀቁ፣ ዝም አሉ፣ ትምህርታቸው ተጎዳ፤ ጠባሳው እስከ እርጅና የተከተላቸው ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው።

ሙከራው ለአስርተ ዓመታት ሳይታተም ቆየ። ሐሳቡ ግን ዓለምን ዞረ፤ ለብዙ ዘመን ወላጆች “አታንሡበት፣ ስሙን አትጥሩ” ሲባሉ ኖሩ። ሁለት ጉዳት አደረሰ። እናቶችን በዳይ አደረገ፣ ልጆችን ደግሞ ከችግራቸው ጋር ብቻቸውን አስቀረ። ልጅ ዝምታን ይተረጉማል። ስለ ጉንፋኑ የሚያወራ ቤት ስለ አነጋገሩ ዝም ካለ፣ ነገሩ የሚያሳፍር ነው ብሎ ይደመድማል። ሲታገል “ይቺ ቃል አስቸገረችህ አይደል? ግድ የለም፣ እጠብቅሃለሁ” ማለት ምንም አይጎዳውም።

ይህን ሁሉ የማወራሽ ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ታላቅ ወንድሜ ይንተባተብ ነበር። በአዲስ አበባ ታክሲ ላይ “ወራጅ አለ!” ሳይሉ መውረድ እንደማይቻል ታውቂያለሽ። “ወ” ደግሞ የሱ ጠላት ነበረች። እና ሌላ ሰው “ወራጅ አለ” እስኪል ይሄዳል፤ አንዳንዴ ሁለት ፌርማታ አልፎ ይወርድና በእግሩ ይመለሳል። እኛ ስፖርት ይወዳል እያልን እንቀልድ ነበር! ክትፎ እያማረው ጥብስ ያዝዛል፤ “ክ” ስለምታቆመው። ይህን የነገረኝ ሃምሳ ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። ያኔ ነው እናታችን እሱን ለምን ሱቅ መላክ እንደተወች የገባኝ። ማንም አልተናገረም፤ ሁላችንም ግን ዙሪያውን ስንዞር ነው የኖርነው።

ስለዚህ “ስልክ አይወድም፣ ምግብ ቤት የማዝዘው እኔ ነኝ” ስትዪኝ ባለቤትሽ ደህና ሆኗል ብዬ አላመንኩሽም። ብዙ አዋቂዎች መንተባተቡ ሳይጠፋ ይደብቁታል፤ አስቸጋሪዋን ቃል በሌላ ይለውጣሉ፣ ንግግሩን ለሚስት ያስረክባሉ። በቀን ስንት ጊዜ እንደዚያ እንደሚያሰላ አስቢው። ወረቀቱን መሳቢያ የከተተው ልጁን ስለናቀ አይደለም፤ ልጁን ከሰፈሩ ልጆች አፍ ሊያድነው ነው። እሱን “ተብታባው” ብለውት ነበር ይሆናል። ዛሬም መዝገብ ሲባል የሚሰማው ያ ስም ነው። በዚህ ልብ አናግሪው፤ “አንተ ነህ ያወረስከው” በሚል ልብ ካናገርሽው ግን መሳቢያው ይቆለፋል።

ለልጅሽ ከማንም በላይ የሚጠቅመውን ነገር ማድረግ የሚችል እሱ ነው። አንድ ቀን መኪና ውስጥ፣ ወይም ሲያስተኛው፣ “እኔም ቃል ይይዘኝ ነበር፤ አሁንም አንዳንዴ ይይዘኛል” ቢለው። ከዚያ በላይ አያስፈልግም። አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ አባቱ ትልቅ ሰው ነው፣ መኪና ይነዳል፣ ቤት ያስተዳድራል፤ እሱንም ቃል ይይዘዋል። ልጁ ሌላውን ራሱ ያስበዋል።

ምርመራው መጠበቅ ያለበት አይመስለኝም። በአንድ ወቅት ከሚንተባተቡ ከአምስት ልጆች አራቱ ያህል በራሳቸው ይተዉታል፤ “ሲያድግ ይተወዋል” የሚለው የሰፈር ምክር ከዚህ የመጣ ነው፣ ውሸትም አይደለም። ግን ከማይተዉት ወገን የመሆን ዕድልን ከፍ የሚያደርጉ ምልክቶች አሉ፦ ወንድ መሆን (ሲጀምር ወንዱና ሴቷ ይቀራረባሉ፤ ከአዋቂዎች ግን አራት ወንድ ለአንዲት ሴት ነው)፣ ሦስት ዓመት ተኩል ከሞላ ወዲህ መጀመር፣ ከዓመት በላይ መቆየት፣ በቤተሰብ ውስጥ ያልተወው ሰው መኖር። ልጅሽ አራቱንም ይነካል። ይህ ፍርድ አይደለም፤ ጊዜ አታባክኚ ማለት ነው፤ ምክንያቱም ሕክምናው የበለጠ የሚሠራው ትምህርት ቤት ሳይገባ ነው። በሲድኒ የተጀመረው፣ ወላጅ ራሱ በስፒች ቴራፒስት (በንግግር ሕክምና ባለሙያ) እየተመራ እቤት የሚያካሂደው የሊድኮም ሕክምና ለዚሁ ዕድሜ የተሠራ ነው። ሌሎችም መንገዶች አሉ፤ በኔዘርላንድ ሁለት የተለያዩ ዘዴዎች ተነጻጽረው በዓመት ተኩል ውስጥ ውጤታቸው ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ “የትኛው ዘዴ” ብለሽ አትጨነቂ፤ ልጆች የሚያክምና አንቺን የሚያሠለጥን ባለሙያ ይሁን። መድኃኒት እሰጣለሁ የሚልሽ ካለ ግን ተጠንቀቂ፤ ለመንተባተብ ተብሎ የጸደቀ ኪኒን የለም።

ባለሽበት አገር በዚህ በኩል ዕድለኛ ነሽ። ለልጆች ልዩ ድጋፍ የሚያዝዘው የፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ያለ ነው፤ ሦስት ዓመት የሞላውን ልጅ የአካባቢሽ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጽሕፈት ቤት በነፃ ሊመረምረው ይገባል፣ ልጁ ገና እዚያ ባይማርም። ምርመራው በሚቻል መጠን ልጁ በሚናገረው ቋንቋ እንዲሆን፣ ለናንተም አስተርጓሚ እንዲኖር ጠይቂ። ያለ ፊርማችሁ አይመረምሩትም፤ ከተመረመረ በኋላም አገልግሎቱን አንፈልግም የማለት መብት አላችሁ። ይህን ለባለቤትሽ ደጋግመሽ ንገሪው፤ የሚያስፈራው በሩ ከኋላው የሚዘጋ መስሎት ነውና።

ይህን አገር ቤት ሆናችሁ የምታነቡ ወላጆች፣ እንደዚህ ያለ ጽሕፈት ቤት እንደሌላችሁ አውቃለሁ። ስፒች ቴራፒስት በአገራችን በጣም ጥቂት ነው፣ ያሉትም አብዛኞቹ አዲስ አበባ ናቸው። አንገት በላይ ሐኪም ጋ ጆሮውን አስመርምራችሁ የንግግር ባለሙያ እንዲጠቁማችሁ ጠይቁ፤ በቪዲዮ የሚያክሙም አሉ። እስከዚያው ቤት ውስጥ የሚደረገው ከላይ የጻፍኩት ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። አስተማሪውንም አነጋግሩ፤ ልጁ ተራው እስኪደርስ እያላበው ከመጠበቅ ቀድሞ ቢያነብ፣ ወይም ከጓደኛው ጋር አብሮ ቢያነብ ብዙ ይቀለዋል።

እህቴ፣ ለትምህርት ቤቱ በአጭሩ ጻፊ፤ ልጄ ከዓመት በላይ ስለተንተባተበ ምርመራ እንጠይቃለን፣ ቤት ውስጥ የሚናገረው አማርኛ ነው። ቀኑን ጻፊበት፣ አንድ ቅጂ ለራስሽ አስቀሪ። አንቺ ብቻ አትፈርሚ፤ መሳቢያውን ራሱ ከፍቶ አባቱም እስኪፈርምበት አንድ ሳምንት ቢያልፍ ችግር የለውም።